ዊንዶውስ 11 እንጫን ወይስ ባለበት ይቆይ?

(በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



አጀንዳው ላይ “ስለ ኮምፒውተር” የሚል ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ቡናውን ለማየት ብድግ ስትሉ አይተናል። እባካችሁ ትንሽ ታገሡን። የእያንዳንዳችሁ ቁጠባ፣ ብድር፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነች ሳይቀር የተመዘገበው እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ደብተር የእናንተን ብቻ ያሳያል፤ የሁላችንን አንድ ላይ የያዘው ኮምፒውተሩ ነው።

ዊንዶውስ የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም ነው። ሂሳብ የምንሠራበት ፒችትሪም፣ ኤክሴሉም፣ ደብዳቤ የምንጽፍበት ዎርድም የሚሠሩት በእሱ ላይ ነው። የእኛ ሦስቱም ማሽኖች ዊንዶውስ 10 ናቸው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል።

ከታላላቆቻችን አንዷ ባለፈው “ታዲያ ኮምፒውተሩ ይሠራል አይደል? የሚሠራን ነገር ምን አስነካው?” ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዎ፣ ይሠራል። ጥቅምት 5 ቀን ጠዋት ቢሮ ስንገባ ሦስቱም እንደ ወትሮው ተከፍተዋል። የቆመው አፕዴቱ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኛል፤ ማይክሮሶፍት በየወሩ ይደፍነው ነበር። ከእንግዲህ የሚገኘው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ “ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ገንዘብ ክፈሉ” ይል ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። የእኛ የብድር መዝገብ እንደዚያ ቢቆለፍ ማን ስንት እንደቀረባት በቃል ልንከራከር ነው። ገንዘብ ደግሞ እህትማማችን እንኳን ያቀያይማል።

“ታዲያ ዊንዶውስ 11 ጫኑበትና እንገላገል” ትሉ ይሆናል። ዊንዶውስ 10 ሕጋዊ ላይሰንስ ላለው ማሽን ወደ 11 ማሳደጉ ነፃ ነው። ችግሩ 11 ማሽን ይመርጣል። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ይሄ ቀላል ነው። ከዚያ በላይ ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልገዋል፤ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ባመዛኙ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ መሆን አለበት። ቤታችሁ ላፕቶፕ ያላችሁም ይህን ተመልከቱ፦ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አባውት ስትሉ የፕሮሰሰሩ ስም ይመጣል። ከአይ5 ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር 7200 ከሆነ ሰባተኛ ትውልድ ነው፣ አያልፍም። 8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው፣ ያልፋል። ሻጩ “አዲስ ነው” ቢላችሁም ይህን ቁጥር ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

በዚህ ስንለካቸው ላፕቶፑ ያልፋል፤ ሁለቱ ዴስክቶፖች አያልፉም። ፒችትሪ ያለው ደግሞ ከማያልፉት በአንዱ ላይ ነው።

አንድ ባለሙያ ፍተሻውን ዘለን በዴስክቶፖቹም ላይ 11 እንጫን ብሎናል። ይቻላል፤ ብዙ ጥገና ቤት ይሠራዋል። እኛ ግን አልወደድነውም። ማይክሮሶፍት ራሱ መስፈርቱን ለማያሟላ ማሽን አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። አፕዴት ፍለጋ ሄደን አፕዴት ወደማያስተማምን ነገር መግባት ምን ይሉታል? ከዚያም በላይ የእኛ ፒችትሪ የ2010 ነው፤ ዊንዶውስ 11ን አስቦ የተሠራ አይደለም። በበጀት ዓመቱ መሐል ሂሳባችንን የምንሞክርበት ምክንያት አልታየንም።

ከፍሎ መቆየትም አለ። ለድርጅት የመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከሦስት ዓመት በላይም አይሄድም። ዶላሩን ከየት እናመጣለን የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ ላረጀ ማሽን ይህን ማውጣት ለእኛ አያዋጣም።

አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ ያሉም አሉ። ከኮሚቴው ጋር በዚህ ብዙ ተነጋግረናል። ብሩ የሚወጣው ከብድር ገንዘቡ ነው፤ በተራ የቆሙ እህቶች አሉ። እንጀራ መጋገሪያ ልትገዛ ሦስት ወር የጠበቀችን ሴት “ቺፕ ስላነሰን ቆይ” ማለት ይከብደናል። ግዢው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይያዝ እንላለን፤ ከሰኔ 30 መዝጊያ በፊት ግን ዋጋ ተጠይቆ ይቅረብ።

እስከዚያው ያሰብነው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ በዚህ ወር ወደ 11 ይደግ። ኢሜይል፣ የባንክ ጉዳይ፣ የግብር ማሳወቂያ፣ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ ይሁን። ማውረጃው ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ይዘነው እንሄዳለን። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በላዩ ያለው ሁሉ ይገለበጣል።

የፒችትሪው ዴስክቶፕ ባለበት ይቆይ፤ የኢንተርኔት ገመዱ ግን ይነቀል። ፍላሽም አይሰካበትም፤ ለባክአፕ ብቻ ከሚያገለግሉት ሁለት ፍላሾች በስተቀር። አንዱ ቢሮ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ገንዘብ ያዧ ቤት ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ዓርብ ይቀያየራሉ። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። የልጅ የትምህርት ቤት ወረቀት ልታሳትሙ ስትመጡ እኛ ራሳችን “እዚህ አይሆንም፣ ወደ ላፕቶፑ” ብንላችሁ አትቀየሙን። እዚያም ሳይፈተሽ አይከፈትም።

የደብዳቤው ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ስርዓት ልንሞክር አስበናል። አማርኛ ይጻፍበታል፣ ለደብዳቤና ለቃለ ጉባኤ ይበቃል። ፒችትሪ ግን አይሠራበትም። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉት የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈቱ ፊደላቸው የሚዘበራረቅም ይኖራል፤ እነሱን አስቀድመን አትመን ፋይል ውስጥ እናስቀምጣለን። ጥቂት ምሽት የሚወስድ ሥራ ነው፤ መርዳት የምትችል እህት ካለች ስሟን ለጸሐፊዋ ትስጥ።

አሁን ጥያቄያችሁን እንስማ። ከዚያ ሁለቱን ለየብቻ በእጅ ድምፅ እንስጥ፦ መጀመሪያ የላፕቶፑን፣ ቀጥሎ የግዢውን።