ምቾትና እድገት



አሳይታ የአውሳ ሱልጣኔት መናገሻ፣ በኋላም የአፋር ክልል ዋና ከተማ ነበረች። የክልሉ መቀመጫ ወደ ሰመራ ከተዛወረ ወዲህ ግን የክልሉ ቢሮዎችም ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ናቸው። የአሳይታ ሠራተኛ እንግዲህ ምን ይምረጥ? አለቃው እሱን በሚያከብርበት፣ ለቤተሰቡም በሚቀርበው መሥሪያ ቤት ይቆይ? ወይስ የተሻለ የሥራ መደብ ፍለጋ ወደ ሰመራ ይሂድ?

የሥራ ሰላም ትልቅ ሀብት ነው፤ ከፍ ያለ ደመወዝ ሁሉ አይገዛውም። እንደ አሳይታ ያለ ወረዳ መዋቅር ግን ጠባብ ነው፤ ጎበዙም ቢሆን ከአንድ ደረጃ በላይ ቦታ ያጣል።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ምን አዲስ ሙያ ጨመርሁ? መልስ ካላችሁ ያለ ጸጸት ቆዩ። ከሌላችሁ በክረምት ተማሩ፤ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣም ተወዳደሩ። ምቾት ጥሩ ነው፤ እውቀታችሁን ካስቆመ ግን ዋጋው ከብዷል።