በእጅ ስለሚያዝ ጓዝ



ዛሬ የምናገረው በአይሮፕላን የሚጓዝ ሰው በእጁ ይዞ ስለሚገባው ጓዝ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰውን መብት፥ የሰውን ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም የሰውን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፥ አይሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ፥ ሲ-47 የሚባሉ ነበሩ። በእነዚያ አይሮፕላኖች መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱም በመካከል ይታሰር ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አይሮፕላኖች ሰውን ከላይ፥ ጭነትን ከታች አድርገው ለዩአቸው። ከመንገደኛው ራስ በላይ የነበረውም መደርደሪያ መክደኛ ያልነበረው ሲሆን፥ የሚጠራውም የባርኔጣ መደርደሪያ እየተባለ ነበር፤ የተሠራው ለባርኔጣና ለካፖርት ነውና። መክደኛ ያለው ሣጥን የተለመደው ቦይንግ 747 በ1962 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። እነሆ፥ የባርኔጣ ቦታ የነበረው ዛሬ የሻንጣ ጎተራ ሆኗል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአብዛኛው መንገደኛ የሚፈቅዱት አንድ የእጅ ሻንጣ ነው፤ ክብደቱም ከ7 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላሉ። ይሁን እንጂ በአይሮፕላን በር አጠገብ ቆሞ የሚመለከት ሰው ሌላ ነገር ያያል። አንዱ በአንድ እጁ ሻንጣ ይጎትታል፤ በትከሻው ቦርሳ አንግቷል፤ በሌላው እጁ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የገዛውን አንጠልጥሏል። አንዲት እናት ለልጃቸው የሚወስዱትን በርበሬና ሽሮ አቅፈዋል። ከውጭ አገር ስብሰባ የሚመለሰው የመንግሥት ሠራተኛም የስብሰባውን ወረቀት ከልጆቹ ጫማ ጋር አጭቆ ይገባል። ቀድሞ የገባው ሣጥኑን ይሞላዋል። ደንቡን አክብሮ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዞ የመጣው ሰው ግን ማስቀመጫ አጥቶ ከእግሩ ሥር ያደርጋታል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ነገር ግን ቆራሹ ዳቦው የጋራ መሆኑን ረስቷል።

ይህ ጓዝ ሁሉ ከስስት የመጣ ነው ብንል ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የአገራችን ሰው ሻንጣ የሚከብደው ብዙውን ጊዜ በራሱ ዕቃ ሳይሆን በአደራ ነው። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቴል አቪቭ ሊሄድ መሆኑ የተሰማ ሰው፥ ቤቱ የአደራ መቀበያ ይሆናል። አክስት ሽሮ ትልካለች፤ ጎረቤት ዳቦ ቆሎ ያመጣል፤ የሥራ ጓደኛም ለወንድሙ የሚደርስ ጋቢ ይሰጣል። ሁሉም የሚሉት «ይህችን ብቻ» ነው። «ይህችን ብቻ» አሥር ጊዜ ስትደጋገም ትልቁ ሻንጣ ከሚዛን ያልፋል፤ የተረፈውም ወደ እጅ ሻንጣ ይገለበጣል። ይሉኝታ ይዞን ለወዳጃችን ያልተናገርነውን እምቢታ፥ ለማናውቀው መንገደኛ እናሸክመዋለን። ቸርነቱ የእኛ ሲባል፥ ዋጋውን የሚከፍለው አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ አባቶቻችን። በምድር ላይ እውነት ነው። በአይሮፕላን ግን ሎሚው በሃምሳ ሰው እጅ ቢከፋፈልም ተሸካሚው ያው አንዱ አይሮፕላን ነው። 300 መንገደኞች እያንዳንዳቸው ከተፈቀደው በላይ 5 ኪሎ ቢጨምሩ 1,500 ኪሎ፥ ማለትም 15 ኩንታል ይሆናል። ለበረራው የክብደት ሒሳብ ሲሠራ መንገደኛው ከነእጅ ጓዙ በመደበኛ ግምት ይታሰባል እንጂ አንድ በአንድ እየተመዘነ አይደለም። ስለዚህ ተደብቆ የገባ ኪሎ በሒሳቡ ውስጥ የለም። ይልቁንም የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም ምክንያት አይሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ፥ ከባሕር ዳር ሲነሣ የሚችለውን ያህል ክብደት አይችልም። እርግጥ መሐንዲሶች ለጥንቃቄ የሚሆን ትርፍ ይተዋሉ። ነገር ግን ያ ትርፍ የተተወው ለበርበሬያችን አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው የአደጋ ጊዜ ነው። ከ44 በላይ መቀመጫ ያለው የመንገደኞች አይሮፕላን ከመፈቀዱ በፊት፥ በጨለማና የበሮቹ እኩሌታ ተዘግቶ፥ በውስጡ ያሉት ሁሉ በ90 ሴኮንድ ሊወጡ እንደሚችሉ መረጋገጥ አለበት። ይህም የሚታሰበው ሰው ሻንጣውን ትቶ ሲወጣ ነው። አንድ ሰው ሻንጣ ለማውረድ 5 ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ፥ በአንድ መተላለፊያ ላይ አሥር ሰዎች እንዲሁ ቢያደርጉ፥ 50 ሴኮንድ ባከነ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የሻንጣው ሹል ማዕዘን ሰዎች የሚንሸራተቱበትን በአየር የተነፋ መውረጃ ሊቀደው ይችላል።

ሐምሌ 27 ቀን 2008 ዓ. ም. በዱባይ አንድ ቦይንግ 777 በሆዱ መሬት ላይ ወድቆ ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩት 300 ሰዎች በሕይወት ወጡ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ከውስጥ የተነሣው ፊልም መንገደኞች ሻንጣ ሲያወርዱ ያሳያል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አይሮፕላኑ ፈነዳ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሕይወቱን አጣ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ. ም. ደግሞ በቶኪዮ ሃኔዳ፥ በማረፍ ላይ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ከባሕር ጠረፍ ጥበቃ አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አይሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ከ8 በሮች በ3ቱ ብቻ ወጥተው ሁሉም ተረፉ። ዕቃችሁን ተዉ ተባሉ፤ ትተውም ወጡ። ሻንጣው ከአይሮፕላኑ ጋር ነደደ፤ ባለቤቱ ግን ቤቱ ገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓወር ባንክ የሚባለው የስልክ መሙያ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ሊትየም የሚባለው ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ሰው በሚያየው ቦታ መሆን አለበት። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ. ም. በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ለመነሣት ሲዘጋጅ የነበረ አይሮፕላን የተቃጠለው በእንዲህ ያለ ባትሪ ሳይሆን እንዳልቀረ መርማሪዎች ገልጸዋል። እንግዲህ በበሩ ላይ የእጅ ሻንጣችሁ ወደ ታች እንዲጫን ብትጠየቁ፥ አስቀድማችሁ ባትሪውን አውጡ።

ከአድማጮቼ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። ባለጉዳይ ወደ ጠረጴዛችሁ ቀርቦ «ለእኔ ብቻ ተባበሩኝ» ሲላችሁ «ደንብ አይፈቅድም» ትላላችሁ፤ መልካምም ታደርጋላችሁ። ታዲያ በአይሮፕላኑ በር የቆመችው ወጣት ሠራተኛ ያንኑ ቃል ስትናገር ማዕረግ መጥቀስና ቁጣ ማሰማት ተገቢ ነውን? እርስዋም በሥራዋ ላይ ናት። ደንብን ከጠረጴዛው በስተ ውስጥ ሲሆኑ ማክበር፥ በስተ ውጭ ሲሆኑ መጣስ ለሠለጠነ ሰው አያምርም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የእጅ ሻንጣውን ከቤት መዝኖ መውጣት ነው። አደራ ለሚያመጣ ወዳጅም «የቀረኝ ቦታ 2 ኪሎ ነው» ብሎ በጊዜ መንገር ነው፤ በቅን የተነገረ እምቢታ ወዳጅነትን አያፈርስም። የተረፈውን ከፍሎ በጭነት መላክ ይቻላል። ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ፥ እጅን ከሻንጣ አንሥቶ የልጅን ወይም የአረጋዊን እጅ መያዝ ነው። የተቃጠለ ሻንጣ ይተካል፤ በኋላችን ተሰልፎ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ግን አይተካም።