ሱቁ በስልክ ውስጥ

የመርካቶና የቦሌ ነጋዴ ዛሬ ዕቃውን የሚደረድረው መደርደሪያ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቴሌግራም ቻናሉ ላይም ነው። ቴሌግራም ቻናልን ያስተዋወቀው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ባለቤቱ ይለጥፋል፣ ተከታዩ ያያል።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ግን ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር አስተያየት መጻፍ ተቻለ። ለንግድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጫማ ፈላጊዋ «ቁጥር 38 አለ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን ሌሎችም ያዩታል፤ ቀድማ የገዛች ደንበኛም «ጠበብ ስለሚል አንድ ቁጥር ጨምሪ» ብላ ትመክራታለች። እንዲህ ያለ ምክር ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይታመናል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ክፍያውም በዚያው ስልክ የሚያልቅ ሆነ።

አቀራረቡም ይወስናል። በቀን ብርሃን የተነሳ ጥርት ያለ ፎቶ፣ ቁጥሩና የሱቁ አድራሻ ካሉ ገዢ አይደናገርም።

ብዙዎች ግን ዋናውን ይደብቃሉ፤ ዋጋ ሲጠየቁ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላሉ። ገዢን የሚያሸሸው ይኸው ነው፤ ሻጩን ፊት አይቶ ዋጋ የሚጠራ ያስመስለዋል።

ቻናል ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ዋጋችሁን ከፎቶው ሥር በግልጽ ጻፉ።