የአሮጌ ካሴት አደራ
በጅማ ከተማ፣ መርካቶ፣ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ከተበተነ ብዙ ዘመን የሆነው የሙዚቃ ባንድ በአዳራሽ ያስቀረጸውን ድምፅ እንደገና ለሕዝብ ስለ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የሙዚቀኞች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ግማሹ የመሐንዲስ ሥራ መሆኑን ለማስገንዘብ እወዳለሁ።

ምሳሌዬ ዋልያስ ባንድ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረበት ጊዜ፣ «ትዝታ» የተሰኘውን ካሴት እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረጸው በዚያው ሆቴል፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ከአባላቱ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። ካሴቱ እንደገና የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከ46 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚያቆየው ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር የማይሞላ የካሴት ክር ነው።

ክሩ በፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሙጫውም ሊላላ ይችላል። የጅማ ነጋዴ ቡናው እርጥበት እንዳይገባው መጋዘኑን እንደሚጠብቅ፣ ካሴትም እንዲሁ ጥበቃ ይሻል።

ወደ ሥራው ስንገባ የመጀመሪያው ተግባር ምንም ያልተነካ ቅጂ መውሰድ ነው። ከዚያ በፊት ግን የማጫወቻው ሄድ ከተቀረጸበት አቅጣጫ ጋር መስተካከል አለበት፤ ጥቂት ከተዛባ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ቢጨምር ዜማው በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፤ የዘፋኙም ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላል።

ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት በምን ይታወቃል? በአዳራሽ በተቀረጸ ካሴት ውስጥ ብዙ ጊዜ የመብራት መስመር እምታ ይሰማል። የአገራችን መስመር 50 ሄርትዝ ነው፤ ጥቂት ከፍ ዝቅ ማለቱ ባይቀርም፣ እምታው 53 ላይ ከተገኘ ካሴቱ በ6 በመቶ ያህል ፈጥኗል ማለት ነው። እንግዲህ እንደ ጉድፍ ያየነው እምታ መለኪያችን ሆነ ማለት ነው። ድምፅ ለማጥራት የሚቸኩል ሰው ይህን ምስክር አስቀድሞ ያጠፋል። ጭብጨባውና የብርጭቆው ኳኳታም የዚያ ምሽት አካል ናቸውና ሊቀሩ ይገባል።

የቀረው የፍትሕ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ከኅትመቱ በፊት ከበሮ መቺውና ጊታር ተጫዋቹ፣ በሕይወት ከሌሉም ወራሾቻቸው ተፈልገው ሊገኙ፣ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ሊሰፍር፣ ድርሻቸውም ሊከፈል ይገባል። ድምፁን አንጽቶ ባለቤቱን የሚረሳ ሥራ ጎደሎ ነው።

በመጨረሻም፣ በዚህ በመርካቶ ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ አሮጌ የአዳራሽ ቅጂ ብታገኙ፣ በተገኘው ማጫወቻ ለመስማት አትቸኩሉ። የሻገተ ክር በአንድ ጊዜ ማጫወት ሊበላሽ ይችላልና። ማኅበራችን በሚገባ የተስተካከለ አንድ ማጫወቻና አንድ ባለሙያ ቢያዘጋጅ፣ ወጪው ጥቂት፣ የሚተርፈው ግን ብዙ ይሆናል።