የሙጫው መንገድና የእኛ ጎተራ
(በኮሚኒቲያችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ንግድና ስለ ጦርነት ነው። ዓመቶቹን እዚህ በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን። ከመካከላችን በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ወይም ማሽላ ያላስጫነ፣ በመተማና በገላባት በኩል ዕቃ ያላሻገረ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የምንጀምረው ከሰሊጥ ሳይሆን ሱዳኖች ሰምግ ከሚሉት ከግራር ሙጫ ነው።

ልጆች፣ በእጃችሁ የያዛችሁትን ለስላሳ እዩት። ጣዕም የሚሰጠው ዘይት ከውኃው እንዳይለይ የሚያደርገው ይህ ሙጫ ነው። የዓለም ገበያ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከሱዳን ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ገበሬው የግራሩን ቅርፊት ይልጣል፤ ሳምንታት ጠብቆ የደረቀውን ይለቅማል። በመተማ ቆላ ዕጣን ሲለቅም ያደገ ሰው ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል። ለለስላሳ መጠጥ ይህን ሙጫ የሚተካ በቀላሉ አይገኝም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ሰምግ ከእገዳው ነፃ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2007 በዋሽንግተን የሱዳን አምባሳደር የነበሩት ጆን ኡኬክ በጋዜጠኞች ፊት የኮካ ኮላ ጠርሙስ አንሥተው፣ ሙጫውን ልናቆም እንችላለን ሲሉ አስጠነቀቁ። ብዙ ሰው ሳቀ። ፋብሪካዎቹ የሳቁ ግን አይመስለንም።

አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ፣ እንደ ኮካ ኮላና ፔፕሲ ያሉ ኩባንያዎች የሱዳንን ጠባይ ስለሚያውቁ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያቆይ ሙጫ አስቀድመው እንደሚያከማቹ የዜና ወኪሎች ዘገቡ። ሙጫውን አጣርተው የሚሸጡ የአውሮፓ ድርጅቶችም ፊታቸውን ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አዞሩ። ዘዴው ይኸው ነው፤ ማከማቸት፣ ከአንድ አገር ብቻ አለመግዛት፣ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን ገንዘብ አለመልቀቅ። እኛን የሚነካን ይህ የመጨረሻው ነው። መንገድ ላይ ያለውን አደጋ ሁሉ የሚሸከመው ያልተከፈለው ሰው ነውና።

በዲሴምበር 2023 ዋድ መዳኒ ስትያዝ ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው የቆየ መንገድ ተቆረጠ። ከተማዋ እስከ ጃንዋሪ 2025 አልተመለሰችም። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። የናፍጣው፣ የኬላው፣ የመዘግየቱ ዋጋ ሁሉ ከላኪው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ እርሻው ባለቤት ወረደ። ከዚያ በታች ያለው የቀን ሠራተኛው ብቻ ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ድንበሩን ተሻግረው የሚመጡትን ወንድሞቻችንን ማለታችን ነው።

በሴፕቴምበር 2024 የገላባት ኬላ ሲዘጋ፣ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የተበተኑ ልጆች የኮሚኒቲያችንን በር አንኳኩ። እናፍራለን እንጂ አንደብቀውም፤ ለዚያ ቀን ብለን ያስቀመጥነው የሱዳን ፓውንድ ረክሶ ነበር። ከየቤቱ ማሽላ ለምነን አበላናቸው፤ እናቶቻችን እንጀራውን ሌሊት ጋገሩ። ለዘጠኝ ቀን በቃ። በአሥረኛው ቀን የሄዱት በየት በኩል እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የኮሚቴው አሳብ ይህ ነው። ከወርኃዊ መዋጮአችን ሢሶው በጥሬ ገንዘብ መቀመጡ ቀርቶ፣ አጨዳ አልቆ ዋጋ ሲረክስ ማሽላ ይገዛበት፤ እሱም በአንድ ግቢ ሳይሆን በሦስት ግቢ ይቀመጥ። ነቀዝ ይበላዋል ያሉ አባቶች አሉ፤ እውነት አላቸው። በየዓመቱ ከአዲሱ ጋር ካልተለዋወጠ ይበላዋል። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ እኛም እስካሁን አልተስማማንም። ከምሳ በኋላ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል፤ ባዶ ጆንያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።