አንደኛ ወጥቶ መሸነፍ

በአሜሪካ ኮሌጆች የሸራ ጀልባ የቡድን ውድድር አንደኛ መውጣት ለማሸነፍ አይበቃም። ሦስት ጀልባ ከሦስት ጀልባ ይገጥማል፤ የደረጃ ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቡድን ያሸንፋል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ የወጡት በ9 ነጥብ፣ አንደኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ የወጡትን ይረታሉ።

ስለዚህ መሪው ዓይኑ ወደ ኋላ ነው። የውድድሩ መስመር በተለምዶ የእንግሊዝኛው ፊደል “ኤን” (N) ቅርጽ አለው፦ ወደ ነፋሱ፣ ወደ ጎን፣ ከነፋሱ ጋር፣ ደግሞ ወደ ጎን፣ በመጨረሻም ወደ ነፋሱ። አራት መታጠፊያ፣ አራት ዕድል! ቀዳሚው እዚያ ጋ ፍጥነቱን ቀንሶ ተቃዋሚውን ያግዳል፤ የቡድን ጓደኛው ሾልኮ ያልፋል። ለእኔ የጨዋታው ውበት ይኸው ነው።

ዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ውድድር ደንብ በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለቡድን ውድድርም የራሱ አባሪ አለው። በዚያ መሠረት የአንድ ቡድን ጀልባዎች እርስ በርስ የቀዳሚነት ደንብ ቢጥሱም፣ እስካልተነካኩ ድረስ አይቀጡም። ተጠጋግተው ለመተላለፍ የሚደፍሩትም ለዚህ ነው።