ታሪካችንን ማን ይጻፍልን?

(በመካነ ሰላም ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

የቦረና፣ የሳይንት፣ የከላላ፣ የወግዲ፣ የለጋምቦ ልጆች፤ በስልካችሁ የምታነቡም፦

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ግጥምና ስለ ታሪካዊ ልቦለድ። "ስንት ጉዳይ እያለ ልቦለድ?" የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። ሕዝብ ራሱን የሚያውቀው በሚተረክለት ታሪክ ነው። ተራኪው ሌላ ሰው ከሆነ ራሱን የሚያየው በሌላ ሰው ዓይን ነው። ይህ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ይህ ደጋ ጽሕፈት ያልደረሰበት አገር አይደለም። ጋሥጫን የማያውቅ አለ? መጽሐፈ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ፣ የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ15ኛው መጀመሪያ ሊቅ፣ ስማቸው ከዚሁ ከእኛ መሬት ጋር ነው የሚጠራው፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ። ወሎዬ ሼኾችም በበኩላቸው መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዐረብኛ ፊደል ጽፈው አቆይተዋል። በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋ፣ በሁለት ፊደል! ከዚህ የበለጠ የጽሕፈት ፍቅር ምን አለ?

ከዚያ መቅደላ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አብዛኛው የመጣው ከጎንደር አድባራት ነው፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ወደቀ፤ ንጉሡም በእጃቸው አለፉ። የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉት። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ ፎቶ እንለጥፋለን፣ "ይመለስልን" እንላለን። ልክ ነን፤ ይመለስ!

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ብራናው ነገ ቢመለስ፣ ታሪኩስ?

ጆርጅ ማክዶናልድ ፍሬዘር የሚባል የእንግሊዝ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ ትልቅ አሳታሚ በኩል የመቅደላን ዘመቻ ልቦለድ አድርጎ አወጣው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍላሽማን የሚባል ፈሪና ሴት አሳዳጅ መኮንን ነው። በዚያ ልቦለድ ውስጥ የወሎ ገዢ የነበሩት ወይዘሮ መስታወት አሉ። አዎ፣ የእኛዋ መስታወት! የምናያቸው ግን በማን ዓይን ነው? በዚያ በፍላሽማን ዓይን። ደራሲው ለቀልድ ጻፈው፣ አንባቢው ሳቀ፣ መጽሐፉ በዓለም ተሸጠ። ብንቆጣ መብታችን ነው። ግን ቁጣ መጽሐፍ አይሆንም። ለመሆኑ ስለ መስታወት በአማርኛ የተጻፈ ልቦለድ ስንቶቻችሁ አንብባችኋል? ስለ ወርቂትስ?

ስለ ወይዘሮ ወርቂት ትንሽ ልበላችሁ። በ1850ዎቹ ወሎን ከመስታወት ጋር ይፎካከሩበት ነበር። ልጃቸው መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወርቂት ግዛት ገባ። አስቡት! የንጉሡ ጠላት በእጃቸው ነው፤ ልጃቸው ደግሞ በንጉሡ እጅ። ምኒልክን ቢመልሱ ልጃቸው ይተርፍ ይሆናል። ቢያሳልፉት ግን ምን እንደሚመጣ ያውቁታል። መጨረሻውን ታሪክ ጽፎታል፦ ምኒልክ ሸዋ ገባ፤ የወርቂትን ልጅ ቴዎድሮስ አስገደሉት።

ያን ሌሊት ወይዘሮ ወርቂት ምን አሰቡ? ከማን ጋር ተማከሩ? እህል ቀመሱ? ዜና መዋዕል ይህን አይነግረንም፤ ሥራውም አይደለም። ታሪካዊ ልቦለድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሙን ከታሪክ ይወስዳል፤ ታሪክ ያላየውን የሰው ሆድ ደግሞ ይገልጥልናል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ብዙዎቻችን ቴዎድሮስን እንወዳለን። አቤ ጉበኛ "አንድ ለእናቱ"ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን "የቴዎድሮስ ዕንባ"ን የጻፉልን፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት ያመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ እጅ አልሰጥም ያሉ ንጉሥ ናቸው። ግን የመቅደላን ገደል የወሎ እናት በሌላ ስም ታውቀዋለች፤ ልጇ የቀረበት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚጽፍ ደራሲ መፈክር እንጂ ልቦለድ አልጻፈም። ቴዎድሮስን እየወደደ የወርቂትን ለቅሶ የሚሰማ፣ ወርቂትን እያዘነላት ቴዎድሮስን ሰው አድርጎ የሚያሳይ ብዕር ነው የሚያስፈልገን። "የራሳችንን ጉድፍ ብንጽፍ ጠላት ይስቅብናል" የሚል ካለ መልሴ ይህ ነው፦ እውነቱን እኛ ካልጻፍነው ሌላው በቀልድ ይጽፈዋል። ጽፎታልም።

ወደ ግጥም ልሻገር። ቤታችሁ ገጣሚ የለም? አለ! ሙሾ የምታወርደው አክስታችሁ፣ በሠርግ የሚፎክረው አጎታችሁ፣ መንዙማ የሚያወርዱት አባት፣ ቅኔ የሚቆጥረው የቆሎ ተማሪ። "የተማረ ሰው አይደለም" ብላችሁ አትለፉት። ዶክተር ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የገጠሟቸውን ግጥሞች ከአፋቸው ሰብስበው፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር መጽሐፍ አደረጓቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ዓለም የዚያን ዘመን ረሃብ በቴሌቪዥን ምስል ነው የሚያውቀው፤ ምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን አይናገርም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይናገራል። ከፈጣሪ ጋር ሳይቀር ይሟገታል። ያ ረሃብ ወሎንም ምን እንዳደረገ እኔ ለእናንተ አልነግርም። የእኛ ሰዎች የገጠሙትስ የት አለ? በቃል የያዙት አባቶችና እናቶች አንድ አንድ እያሉ እያለፉ ነው።

ትንሽ አሳታሚ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። ማንችስተር ከተማ ካርካኔት የሚባል፣ ግጥም ላይ ያተኮረ ትንሽ አሳታሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት ያሰናዱትን የአማርኛ ግጥም ስብስብ በእንግሊዝኛ ያወጣው እሱ ነው። በትልቁም በኩል መዓዛ መንግሥቴን ተመልከቱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች የጻፈችው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆኗል። የሚገርመው፣ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዛ እንደዘመተች ያወቀችው መጽሐፉን ለዓመታት ስትደክምበት ከቆየች በኋላ ነው። ታሪኩ ቤቷ ነበር! እናንተም ቤት አለ፤ ጠይቁ።

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ። በእኛ አገር አብዛኛው የግጥም መድብል የሚታተመው በገጣሚው ኪስ ነው። ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ ለመጻሕፍት መደብር በእምነት ያስረክባል፣ ለአዟሪ ይሰጣል፣ የተሸጠውን ለቅሞ ዕዳውን ይከፍላል። ወረቀቱ በዶላር የሚገባ ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው አንዱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። እኛም "ተባረክ ወንድሜ!" እንለዋለን። ወገኖቼ፣ ይሄ ምርቃት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳይደረግ ከልክሎታል፤ ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው። ለንደን የወሰደችውን የደራሲ ድካም እየረገምን የጎረቤታችንን ደራሲ ድካም በነጻ ብንወስድ፣ በምን አንደበት "ይመለስልን" እንላለን?

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ አራት ብቻ።

አንደኛ፣ ስልካችሁ መቅጃ አለው። በዚህ ክረምት ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት አሥር ግጥም ቅዱ። አስፈቅዳችሁ! ማን እንዳለው፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደተባለ አብራችሁ ጻፉ። ያለዚህ ግጥሙ ወላጅ አልባ ይሆናል። ቃሉንም "ላሳምረው" ብላችሁ አታስተካክሉ።

ሁለተኛ፣ ልቦለድ የምትሞክሩ ካላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ተቃራኒ ምንጭ አንብቡ። የንጉሡን ዜና መዋዕል ያነበበ፣ ከተሸነፈው ወገን የሚነገረውንም ይስማ።

ሦስተኛ፣ በወር አንድ መጽሐፍ ለብቻ መግዛት ከከበዳችሁ አምስት ሆናችሁ አዋጡና ግዙ፤ ተራ በተራ አንብቡ። እቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ የመጽሐፍ እቁብ ምን ይከብደናል? መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ መካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ ጀምሩት፣ የከተማው ልጅ ይከተላችኋል።

አራተኛ፣ የምታውቁት ገጣሚ መጽሐፍ ሲያወጣ "አንድ ቅጂ በነጻ" አትበሉት። ክፈሉት፤ አንብባችሁም የከበዳችሁንና የወደዳችሁትን በግልጽ ንገሩት። ጭብጨባ ብቻ ደራሲን ያሰንፋል።

የወይዘሮ ወርቂትን ሌሊት የሚጽፍ ሰው ይመጣል። ከለንደን ሊመጣ ይችላል፤ ከሳይንትም ሊመጣ ይችላል። ከሳይንት እንዲመጣ ከፈለግን ዛሬ የሚቀዳ፣ የሚያነብና የሚከፍል ሰው ያስፈልገዋል። እነሱ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የቀዳችሁትን ይዛችሁ ኑ።